አልድን ብሎ ያስቸገረ ቁስል፦ ሜዲኬር ምኑን ይከፍላል፣ እንዴትስ ይጠየቃል?

ነርሷ ከቦርሳዋ አንዲት የወረቀት ማስመሪያ አወጣች። የእማዬ ተረከዝ አጠገብ አስጠግታ ርዝመቱን ለካች፣ ከዚያ ወርዱን። ቀጥላ ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን እንጨት ጥልቀቱን ነካ አድርጋ አየች። «3.2 በ2.1፣ ጥልቀቱ 0.4» ብላ ጻፈች። እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ «ልብስ ልትሰፋልኝ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ያኔ እኔም ነገሩ አልገባኝም ነበር። ሁለት ዓመት ካስታመምኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ እግር አያይም። የሚያየው ወረቀት ነው። እነዚያ 3 ቁጥሮች በየጊዜው ካልተጻፉ የቁስል መሸፈኛውም፣ ማሽኑም፣ አንዳንዴ ነርሷም ይቀራሉ። ቁስሉ ግን እዚያው ነው።

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ እናት አባት ለሚያስታምሙ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ይሁን፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚወጣው የደም ሥር ቁስል ይሁን፣ ብዙ ከመተኛት ዳሌና ወገብ ላይ የሚመጣው ይሁን፣ መንገዱ ብዙም አይለያይም። ሕክምናውን ሐኪም ይንገራችሁ። እኔ የማወራው ስለ ክፍያው ነው።

1. መጀመሪያ ካርዱን አውጡ

ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነው ካርድ ብቻ ከሆነ ያላቸው መደበኛው ሜዲኬር ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ያለበት ሌላ ካርድ ካለና ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሚያሳዩት እሱን ከሆነ፣ ያ ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው፣ ፓርት ሲ የሚባለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አባታችሁ «የጥርስም የመነጽርም አለው» ተብለው አምና ፈርመው ሊሆን ይችላል። ካርዱን ራሳችሁ እዩት፣ የነገሯችሁን ብቻ አትመኑ።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? አድቫንቴጅ መደበኛው ሜዲኬር የሚሸፍነውን ሁሉ መሸፈን አለበት። ግን አካሄዱ ሌላ ነው። የራሱ ሐኪሞች ዝርዝር አለው፣ ለብዙ ነገር ደግሞ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። ከ2026 ጀምሮ ለተለመደ የቅድመ ፈቃድ ጥያቄ በ7 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ሐኪሙ «ይህ ሰው መጠበቅ አይችልም» ብሎ አስቸኳይ ካደረገው በ72 ሰዓት። ቁስሉ እየባሰ ከሆነ ሐኪሙን «አስቸኳይ ብለው ይላኩልን» በሉት። ካልጠየቃችሁ ማንም በራሱ አያደርገውም።

ሜዲኬር የሌላቸው ወላጆችስ? 65 ዓመት የሞላውና ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው እዚህ አገር 10 ዓመት ያህል ሠርቶ ግብር የከፈለ ሰው ፓርት ኤን፣ ማለትም የሆስፒታሉን ክፍል፣ በነጻ ያገኛል። ያልሠሩ ወላጆች በግሪን ካርድ 5 ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩ በኋላ በገንዘብ መግዛት ይችላሉ። እዚያ ያልደረሱ ከሆነ የየግዛቱን ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን መድን፣ መጠየቅ ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

የቁስል ነገር አብዛኛው በፓርት ቢ፣ ማለትም ሆስፒታል ሳይተኙ ለሚደረግ ሕክምናና ለዕቃ በሚከፍለው ክፍል፣ በኩል ነው የሚያልፈው። የክሊኒክ ቀጠሮው፣ መሸፈኛው፣ ማሽኑ፣ ጫማው። በ2026 የፓርት ቢ ወርኃዊ ክፍያ ለአብዛኛው ሰው 202.90 ዶላር ነው። መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው የዓመቱ ዲዳክቴብል 283 ዶላር ነው፣ በ2025 ደግሞ 257 ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ 80 በመቶውን እሱ ይከፍላል፣ 20 በመቶው የእናንተ ነው። መደበኛው ሜዲኬር ደግሞ ለዚህ 20 በመቶ ጣሪያ የለውም። ቁስል በየሳምንቱ የሚያመላልስ በሽታ ስለሆነ 20 በመቶው ይጠራቀማል። ሜዲጋፕ የሚባለውን ተጨማሪ ኢንሹራንስ የገዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ይሸፈንላቸዋል። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ኪው ኤም ቢ የሚባል ፕሮግራም አለ። በሜዲኬይድ ቢሮ በኩል ነው የሚጠየቀው። እሱ ያለው ሰው በሜዲኬር ለተሸፈነ ነገር 20 በመቶውን እንዲከፍል ቢል ሊላክበት አይችልም፣ ክልክል ነው። ቢል ከመጣም ደውላችሁ «ኪው ኤም ቢ ነው» በሉ።

2. የሞተው ሥጋ መነሳቱ ይጻፍ

ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ ብዙ ስልክ ይቀርልኝ ነበር።

ሜዲኬር የቁስል መሸፈኛ የሚከፍለው ለማንኛውም ቁስል አይደለም። ወይ በቀዶ ሕክምና የመጣ ቁስል መሆን አለበት፣ ወይ ደግሞ የሞተው ሥጋ የተነሳለት። ይህ የሞተ ሥጋ ማንሳት ዲብራይድመንት ይባላል። የግድ በምላጭ መሆን የለበትም፤ በመድኃኒትም፣ እርጥበት ይዞ ሰውነት ራሱ እንዲያስወግደው በሚያደርግ መሸፈኛም ይሆናል። ዋናው ነገር መደረጉ መዝገቡ ላይ መስፈሩ ነው። ሐኪሙ ሲቆርጥ በዓይናችሁ አይታችሁ ይሆናል፣ ማስታወሻው ላይ ግን «ቁስሉ ታይቷል፣ ታሽጓል» ብቻ ከተባለ መሸፈኛ አቅራቢው ክሌሙን፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄውን፣ ቢልክ ይመለስበታል።

ቆዳው ያልተከፈተ፣ የቀላ ብቻ የሆነ የመኝታ ቁስል ደግሞ መሸፈኛ አያገኝም። ቁስል ማጠቢያ ፈሳሽም ለየትኛውም ቁስል አይከፈልም። ጎዝና ፕላስተር ግን ከዋናው መሸፈኛ ጋር አብረው ይገባሉ።

ከክሊኒክ ከመውጣታችሁ በፊት የቀጠሮውን ማጠቃለያ ወረቀት ጠይቁና እነዚህን ፈልጉ፦ ቁስሉ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ ጥልቀት፣ ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚወጣው። ቁስሎቹ ሁለት ከሆኑ ለየብቻ። ይህ ምዘና ቢያንስ በየወሩ መደረግ አለበት። ቁስሉ ብዙ ፈሳሽ ካለው ወይም ካመረቀዘ፣ ወይም ሰውየው ነርሲንግ ሆም ካለ፣ በየሳምንቱ ነው።

እኔ የ1 ዶላር ደብተር ገዝቼ ቁጥሮቹን ከነቀናቸው እጽፍ ነበር። መጀመሪያ ለራሴ ነበር፣ እየጠበበ መሆኑን ለማየት። ኋላ ይግባኝ ስጽፍ ያዳነኝ እሱ ደብተር ነው።

3. ትዕዛዙን አንብቡ፣ ካርቶኑን ቁጠሩ

መሸፈኛ የሚታዘዘው እንደ መድኃኒት ነው። «የቁስል ዕቃ ስጧት» ተብሎ አይላክም። ትዕዛዙ ላይ የመሸፈኛው ዓይነት፣ ስፋቱ፣ በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚደረግ፣ በስንት ቀን እንደሚቀየር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልግ መኖር አለበት። በየ3 ወሩም አዲስ ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ይህችን ሦስት ወር ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉባት። የክሊኒኩ ጸሐፊ ትረሳለች፣ ሰው ናት።

ስንት ይሰጣሉ? እንደ ዓይነቱ ነው። ፎም የሚባለው ስፖንጅ መሰል መሸፈኛ በተለመደው በሳምንት እስከ 3 ጊዜ ለመቀየር ይበቃል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሃይድሮኮሎይድም እንደዚያው። ብዙ ፈሳሽ ለሚወጣው ቁስል የሚደረገው አልጂኔት በቀን አንድ ጊዜ። ሐኪሙ ፎሙን በየቀኑ ቀይሩ ካላችሁ፣ ለምን እንደሆነ መዝገቡ ላይ ምክንያቱን ማስፈር አለበት፤ ያለዚያ ትርፉን ከኪሳችሁ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ «ታዲያ በየቀኑ የሚቀየር ዓይነት ብታዙልንስ?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ሐኪሞች ሜዲኬር በሳምንት ስንት እንደሚሰጥ ሁሌ በቃላቸው አይዙትም።

አቅራቢው በአንድ ጊዜ ከ1 ወር በላይ የሚሆን ዕቃ መላክ አይችልም። አቅራቢውን ስትመርጡ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ሜዲኬር ውስጥ ተመዝግባችኋል?» እና «አሳይመንት ትቀበላላችሁ?»። ሁለተኛው፣ ሜዲኬር ያጸደቀውን ዋጋ ሙሉ ክፍያ አድርጋችሁ ትወስዳላችሁ ወይ ማለት ነው። ካልተቀበሉ ከ20 በመቶው በላይ ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ።

4. ነርስ ቤት ድረስ፣ እና «ደህና ነኝ» የምትባለዋ ቃል

ሜዲኬር ለቁስል ነርስ ቤት ይልካል። ሆም ሄልዝ ይሉታል። ለነርሷ ጉብኝት የምትከፍሉት 0 ዶላር ነው፣ ዲዳክቴብልም 20 በመቶም የለውም። በእኔ አስተያየት ከሜዲኬር ሁሉ ምርጡ ነገር ይኸው ነው፣ ከሁሉ በላይ ሳንጠቀምበት የሚያመልጠንም እሱ ነው።

የሚያስፈልገው፦ ሐኪም ማዘዝ አለበት፣ ነርሷ ከመጀመሯ በፊት ባሉት 90 ቀናት ወይም ከጀመረች በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ሐኪሙ በአካል ወይም ሜዲኬር በሚፈቅደው የቪዲዮ ቀጠሮ አይቷቸው መሆን አለበት፣ እና ታማሚው ከቤት መውጣት የሚከብደው መሆን አለበት። ፈቃዱ ለ60 ቀን ነው፣ ከዚያ እየታየ ይታደሳል።

«ከቤት መውጣት የሚከብደው» ሲባል አልጋ ላይ የዋለ ማለት አይደለም። ለመውጣት ሰው፣ ከዘራ፣ ዎከር ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልገው፣ ወይም ሐኪሙ መውጣት ይጎዳዋል ያለው፣ መውጣቱም በጣም የሚያደክመው ሰው ማለት ነው። ሐኪም ጋ መሄድ ይፈቀዳል። ቤተ እምነት መሄድም በግልጽ ይፈቀዳል። እማዬ «ነርሷ ካወቀች ትቀርብኛለች» ብላ 3 እሁድ ሳታስቀድስ ቀርታ ነበር፣ በፍልሰታ! ሳጣራ ለካ ሕጉ ራሱ ቤተ ክርስቲያን መሄድን ፈቅዷል። ለሠርግም፣ ለቀብርም፣ አልፎ አልፎና ለአጭር ጊዜ ከሆነ፣ መውጣት ይቻላል።

አሁን ወደዚያች ቃል። ሐኪሙ «ቤት ውስጥ እንዴት ነዎት?» ሲል ወላጆቻችን ምን ይላሉ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።» «ብቻዎን ይንቀሳቀሳሉ?» «አዎ፣ ምን አለብኝ!» አስተርጓሚው ያንኑ ይተረጉማል፣ ሐኪሙም ያንኑ ይጽፋል። ከሳምንት በኋላ ሆም ሄልዝ አይገባትም የሚል መልስ ይመጣል። እማዬ ከመኪናው እስከ ክሊኒኩ በር ሁለቴ ቆማ ነው የደረሰችው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን «ደህና ነኝ» አለች። ለፈጣሪ ማመስገኗ እንጂ ስለ እግሯ መናገሯ አልነበረም። መኪና ውስጥ እያላችሁ አስረዷቸው፦ «እማዬ፣ ምስጋናው እንዳለ ሆኖ፣ ስንት ጊዜ እንዳረፍሽ ንገሪው።» እናንተም ክፍሉ ውስጥ ግቡ።

«ቁስሉ እየዳነ ስላልሆነ ነርስ አይሸፈንም» የሚላችሁም ሊኖር ይችላል። ይህ ልክ አይደለም። በ2013 ጂሞ በተባለው ክስ በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት አለ፤ መሻሻል ባይኖርም እንዳይባባስ የሠለጠነ ነርስ እጅ የሚያስፈልገው ከሆነ መሻሻል ስለሌለ ብቻ መከልከል አይቻልም ይላል። በስልክ «ጂሞ» ስትሉ የአነጋገራቸው ቃና ሲለወጥ ትሰማላችሁ።

ነርሷ በየቀኑ አትመጣም። ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው። በቀሩት ቀናት እናንተ ትቀይራላችሁ፣ ማሠልጠኑም የእሷ ሥራ ነውና ሳታፍሩ ጠይቁ። ሁለተኛ አሳዩኝ በሉ። ቪዲዮ ቅረጹ።

እኔ የተያዝኩበት ወጥመድ ደግሞ ይኸውላችሁ። እማዬ ሆም ሄልዝ ስትጀምር የድሮው አቅራቢ ካርቶን መላኩን ቀጠለ። ጥሩ ነው፣ ይብዛ ብዬ ዝም አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ 412 ዶላር ቢል መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነርስ ቤት በምትመጣበት ጊዜ ሜዲኬር ለሆም ሄልዝ ድርጅቱ የሚከፍለው የመሸፈኛውንም ዋጋ ጨምሮ ነው። ስለዚህ መሸፈኛውን ማምጣት ያለበት ድርጅቱ ነው፣ ሌላ አቅራቢ ቢልክ ሜዲኬር አይከፍለውም። ነርሷ በመጣች ዕለት ለድሮው አቅራቢ ደውላችሁ «አቁሙ» በሉ። ነርሷ «ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ» ካለቻችሁም፣ «ክፍያችሁ ውስጥ የለም እንዴ?» ብላችሁ ኃላፊዋን ጠይቁ። የኪራይ ማሽንና የሆስፒታል አልጋ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፣ እነሱ ለብቻ ይከፈላሉ፣ 20 በመቶውም አለባችሁ።

5. ተራው መሸፈኛ አልበቃ ሲል

በመምጠጥ የሚሠራው ማሽን፣ ሰዉ ሁሉ «ዋውንድ ቫክ» የሚለው፣ ለቤት በፓርት ቢ ይሸፈናል። ግን መጀመሪያ ሌላው ተሞክሮ መሆን አለበት። ለስኳር ቁስል፣ ስኳሩ ክትትል ላይ እንደሆነና እግሩ ላይ ጫና እንዲቀንስ እንደተደረገ። ለደም ሥር ቁስል፣ መጠቅለያ ፋሻው ሳይቋረጥ እንደታሰረና እግር ከፍ ተደርጎ እንደነበር። ለመኝታ ቁስል፣ ታማሚው እየተገላበጠ እንደነበር። ወላጃችሁ ፋሻውን «አሞቀኝ» ብለው ከፈቱት ነርሷ ትጽፈዋለች። ስለዚህ አሞቀኝ ካሉ ፈትቶ ከመደበቅ ለሐኪሙ ነግሮ ሌላ ዓይነት ማስቀየር ይሻላል።

ማሽኑ ከመጣ በኋላ በየወሩ መለካት አለበት። ከወር ወር ልኩ ካልተሻሻለ ክፍያው ይቆማል፣ ቢሻሻልም በተለመደው ከ4 ወር አያልፍም። እዚህ ላይ ነው የማስመሪያዋ ነገር። የካቲት ላይ አንዷ ነርስ፣ መጋቢት ላይ ሌላዋ ብትለካ ልኩ ሊዛነፍና ቁስሉ የሰፋ ሊመስል ይችላል። እኔ ከደብተሬ የባለፈውን አንብቤ «እንዲህ ነበር፣ እስቲ እንደገና እዪው» እል ነበር። አንዳንዷ ትኮሳተራለች። ትኮሳተር።

የኦክስጅን ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚደረገው ሕክምና የሚሸፈነው ለተወሰኑ በሽታዎች ብቻ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል አንዱ ነው፣ ግን ቁስሉ ጠልቆ ዋግነር በሚባለው መለኪያ 3ኛ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ የደረሰ፣ ተራው ሕክምና ቢያንስ ለ30 ቀን ተደርጎ ምንም ያልለወጠው መሆን አለበት። ከተጀመረም በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሚለካ ለውጥ ከሌለ ይቆማል። ለደም ሥር ቁስል አይሆንም። ወጪው ቀላል አይደለም፣ በየቀኑ መመላለስ ነው፣ ከመፈረማችሁ በፊት «የስንተኛ ደረጃ ብላችሁ ጻፋችሁ?» በሉ።

ስለ ቆዳ ተተኪ ግን ቆም ብዬ ላውራ። ከእንግዴ ልጅ ሽፋንና ከመሳሰሉት የሚሠሩ፣ ቁስሉ ላይ የሚለጠፉ ቁራጮች ናቸው። አንዳንዶቹ በትክክል ይሠራሉ። ነገር ግን ሜዲኬር በ2019 ለእነዚህ ያወጣው 252 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን በ2024 ከ10 ቢሊዮን በላይ ደረሰ። የሕመምተኛው ቁጥር ያን ያህል ስላደገ አይደለም። የአንዳንዱ ዋጋ በካሬ ሴንቲሜትር ከ2,000 ዶላር አልፎ ነበር። አስሉት፦ 20 ካሬ ሴንቲሜትር ቢለጠፍ 40,000 ዶላር፣ 20 በመቶው 8,000። ለአንድ ጊዜ! ከ2026 ጀምሮ ሜዲኬር ዋጋውን በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 127 ዶላር ገደማ አውርዶታል። ያው 20 ካሬ ሴንቲሜትር አሁን 2,540 ዶላር፣ የእናንተ ድርሻ 508 አካባቢ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ሳትጠሩት ደውሎ ወይም በር አንኳኩቶ «ለእናትዎ ቁስል በነጻ የሚለጠፍ አለን፣ የሜዲኬር ቁጥራቸውን ስጡኝ» ካላችሁ ስልኩን ዝጉ። ቁስሉን ያላየ ሐኪም እንዴት ያዝዛል? ቁጥሩን ሰጥታችሁ ከሆነ በየግዛቱ ያለውን ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል፣ የሜዲኬር ማጭበርበርን የሚከታተለውን አገልግሎት፣ ፈልጋችሁ ንገሯቸው፣ ነጻ ነው።

6. ሆስፒታል ከገቡ

አጭር ነገር፣ ግን ብዙ ቤተሰብ ያቃጠለች። ቁስሉ አመርቅዞ ሆስፒታል ቢተኙና ከዚያ ለማገገሚያ ነርሲንግ ሆም ቢላኩ፣ መደበኛው ሜዲኬር የነርሲንግ ሆሙን የሚከፍለው ሆስፒታል ቢያንስ 3 ቀን በተከታታይ «የተኛ ታካሚ» ተብለው ከሆነ ብቻ ነው። የወጡበት ቀን አይቆጠርም። «ለክትትል» ተብለው የቆዩበት ሌሊትም አይቆጠርም፤ አልጋው ያው ነው፣ ምግቡ ያው ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሌላ ነው። በየማለዳው «ዛሬ የተኙ ናቸው ወይስ ክትትል ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተፈቀደ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት 0 ዶላር ናቸው። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን በየቀኑ ትከፍላላችሁ፣ በ2025 በቀን 209.50 ዶላር ነበር፣ በየዓመቱ ከፍ ይላል።

7. «አይከፈልም» ሲባል

ሁለት ዓይነት «አይከፈልም» አለ። አንዱ አስቀድሞ የሚመጣው ነው። ክሊኒኩ ወይም አቅራቢው «ሜዲኬር ላይከፍል ይችላል» የሚል ኤ ቢ ኤን የተባለ ቅጽ ያስፈርማችኋል። 3 ምርጫ አለው። ሰው በጥድፊያ የመጣለትን ይመርጣል። 1ኛው «እፈልገዋለሁ፣ ግን ለሜዲኬር ላኩት» ነው። ዕቃውን ከፈለጋችሁ እሱን ምረጡ፤ ከተከለከለ ይግባኝ ማለት የምትችሉት በእሱ ብቻ ነው። 2ኛው «እፈልገዋለሁ፣ ለሜዲኬር አትላኩ» ይላል። እሱን ከፈረማችሁ ነገሩ እዚያው አለቀ። 3ኛው አልፈልግም ነው። አድቫንቴጅ ያላቸው ይህ ቅጽ አይሠራላቸውም፣ ከዕቃው በፊት ኩባንያው በጽሑፍ ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ አለባቸው።

ሌላው በኋላ የሚመጣው ነው። መደበኛው ሜዲኬር «ይህ ቢል አይደለም» የሚል የማጠቃለያ ወረቀት በፖስታ ይልካል። ቢል አይደለም ስለሚል ሁላችንም እንጥለዋለን። አትጣሉት። የተከለከለውን መስመር አክብቡበት፣ ለምን እንደማትስማሙ ጻፉ፣ ፈርሙና ከኋላው ባለው አድራሻ ላኩት። ወረቀቱ ከደረሳችሁ 120 ቀን አላችሁ። አድቫንቴጅ ከሆነ ማስታወቂያው ከተጻፈበት ቀን 65 ቀን ነው። የመጀመሪያው ይግባኝ ካልሠራ በመደበኛው ሁለተኛውን ለማቅረብ 180 ቀን ይሰጣል። በጠቅላላው 5 ደረጃ አለው።

ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። እኔ የላክሁት ግማሽ ገጽ ነበር፦ ቁስሉ በየትኛው ቀን እንደተጸዳ፣ የ4 ወር ልኮች በሰንጠረዥ፣ የሐኪሙ ማስታወሻ ቅጂ። «እናቴ በጣም ተሠቃይታለች» የሚለውን ጽፌ አጠፋሁት። እውነት ነው፣ ግን እሱን የሚያስገቡበት ሳጥን ቅጹ ላይ የላቸውም። ቁጥሩን አዩ፣ ከፈሉ።

ከመላካችሁ በፊት የሚያይላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ በየግዛቱ ሺፕ የሚባል የሜዲኬር ምክር አገልግሎት አለ። ነጻ ነው፣ ኢንሹራንስም አይሸጡም። ወደ ሜዲኬር ራሱ ደግሞ 1-800-633-4227 ነው። እንደተነሳ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፣ በነጻ። ወላጃችሁ አጠገባችሁ ይሁኑ፤ በድምፃቸው ካልፈቀዱ አያናግሯችሁም። ያናገራችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ጻፉ።

8. ከዳነ በኋላ

እዚህ ጋ ሜዲኬር ትንሽ ግራ ያጋባል። የደም ሥር ቁስል ክፍት ሆኖ እየታከመ ሳለ ጠበቅ ያለውን የሕክምና ካልሲ ይከፍላል። ቁስሉ የተዘጋ ዕለት ክፍያውም ይዘጋል። እንዳይመለስ የሚያደርገው ያው ካልሲ መሆኑን እነሱም ያውቃሉ። ሊምፌዴማ የሚባለው የእግር እብጠት በሐኪም የተረጋገጠለት ሰው ግን ከ2024 ጀምሮ በአዲስ ሕግ ካልሲውን ያገኛል። ስለዚህ እብጠት ካለ ሐኪሙ መርምሮ እንዲያረጋግጥ ጠይቁ።

ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ጫማ አለ። በዓመት 1 ጥንድ ጥልቀት ያለው ልዩ ጫማና 3 ጥንድ የውስጥ ንጣፍ፣ 20 በመቶው የእናንተ። ቀደም ብሎ ቁስል የነበረበት፣ ጣት የተቆረጠበት፣ የእግሩ ቅርጽ የተበላሸ፣ ወይም ደም በደንብ የማይደርሰው እግር ያለው ሰው ይገባዋል። የሚያረጋግጠው ስኳሩን የሚከታተለው ሐኪም ነው፣ የእግር ሐኪሙ ብቻ ቢጽፍ አይበቃም። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዚህ ነው። እግራቸው መንካትን የማይሰማ ከሆነ በየ6 ወሩ የእግር ምርመራም ይሸፈናል።

የእማዬ ጫማ ሲመጣ አገላብጣ አየችውና «ይሄ የዘበኛ ነው» አለች። ለማሳመን አንድ ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ደግሞ ያላሰብኩት መጣ፦ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውልቃ ገባች። ያን ያህል የለፋንበት እግር በባዶው፣ ምንጣፉ ላይ መርፌ ይኑር ጠጠር ይኑር በማይሰማው ተረከዝ። ንስሐ አባቷን ባማክራቸው አላስጨነቁንም። አሁን ውጭ ደጀ ሰላሙ ጋ ወንበር አለቻት፣ ድምፅ ማጉያው እዚያ ድረስ ይሰማል፣ ነጠላዋን ተከናንባ የዘበኛ ጫማዋን እንዳደረገች ታስቀድሳለች።